ዓይናችሁን አትመኑ፣ ቁጥሩን ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። የተቆጣሁት ጢስ በሚለቁ ፋብሪካዎች ወይም ፋይል በሚያንከባልሉ ቢሮዎች ላይ ብቻ አይደለም። የእነሱ ተራ ይመጣል። የዛሬው ተራ የእኛ ነው፤ የእኔና የእናንተ።

ውሃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አንድ አባወራ መጡ። የቤታቸውን ግማሽ ሊያከራዩ ነው። ተከራዮቹ የውሃ ምርመራ ውጤት ጠይቀዋቸዋል። ንጹሕ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ሰጠናቸው። "ጠዋት ማንም ሰው ቧንቧ ሳይከፍት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ ሞልተው ያምጡልን" አልናቸው። በማግስቱ ይዘው መጡ።

ውጤቱ ያማረ ነበር። እንዲያውም ከልክ በላይ ያማረ። የዚያ አካባቢ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ነገር የሚጋግር ዓይነት ነው። እሳቸው ባመጡት ጠርሙስ ውስጥ ግን ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ከቧንቧዎ ነው የተቀዳው?"

ዝም አሉ። ቆይተው፣ "የታሸገ ውሃ ነው የሞላሁበት። ቤቴ መጥፎ ስም እንዳይወጣለት ብዬ ነው" አሉኝ።

እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሦስቱም የሚጠጡት ከዚያው ቧንቧ ነው። ወረቀቱ እንዲያምር ብለው የልጆቻቸውን ውሃ ሳያስመረምሩ ሊቀሩ ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዞር ዞር ብዬ ሳይ እኚያን ሰው የማላገኝበት ቦታ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ታዲያ የውሃችንንና የአየራችንን በሽታ ለመደበቅ ምን አጣደፈን?

"ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ምኑ ይመረመራል?" የምትሉ አላችሁ። ይሄን ነገር ተዉት። በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለም የለውም። አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ጣዕም የለውም። ፍሎራይድም ናይትሬትም አይሸቱም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ለእርሳስም ለአርሰኒክም ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 50,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። እዚያ ውስጥ አንዲት ጠብታ ብትጥሉ፣ ጠብታዋ ከጠቅላላው አንድ ቢሊዮንኛ ገደማ ትሆናለች። ወሰኑ እንግዲህ ወደ አሥር ጠብታ ነው። ይሄን የሚያይ ዓይን ማን አለው? የሚቀምስ ምላስስ?

"እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው" ማለትም አያድንም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አትተዉት። እርሳስና አርሰኒክ ግን በእሳት አይሞቱም። ውሃው ሲተን እነሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ። ውሃው ይቀንሳል፣ መርዙ ያው ነው። ስለዚህ የቀረው ውሃ ይባስ ይከፋል።

ባንግላዴሽ ውስጥ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬና ከወንዝ ውሃ እንዲላቀቅ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባለ እጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሐሳቡ ቀና ነበር። የቆሸሸ ውሃ የሚያመጣው ተቅማጥ ሕፃናትን ይጨርስ ነበርና። በጀርም በኩል የጉድጓዱ ውሃ የተሻለ ነበር። አርሰኒኩን ግን የለካው ሰው አልነበረም። አርሰኒኩን የጨመረው ፋብሪካ አይደለም፤ በተፈጥሮ ከመሬቱ ደለል ውስጥ ያለ ነው። ሰዎች ለዓመታት ጠጡት። መዳፋቸው እየሻከረ፣ ቆዳቸው እየጠቆረ መጣ። የአገሪቱ ጉድጓዶች መበከላቸው የታወቀው በ1993 ነው።

ከዚያ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ይመረመሩ ጀመር። ወሰን ያለፈው ፓምፕ ቀይ ቀለም ተቀባ። ደህናው አረንጓዴ። ያቺ ቀይ ቀለም ከሐሳቤ አትጠፋም። ውሃው ትናንትም ያው ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። የእንጀራ ልጅና የእናት ልጅ ያህል የተለያዩ ሁለት ጉድጓዶች በእርምጃ ርቀት ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱን የለየው አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ መጥቶ መለካቱ ብቻ ነው። እንደገና ደግሞ ይሄን ያዙልኝ፦ ምርመራ ያልፈለገውን አያገኝም። ለጀርም የተመረመረ ውሃ ለአርሰኒክ አልተመረመረም። "ተመርምሯል" ሲሏችሁ "ለየትኛው ለየትኛው ነገር?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ብላ የመጠጥ ውሃዋን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ውሃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል አልተጨመረም። ውሃው አሮጌዎቹን ቧንቧዎች እየበላ እርሳስ ይዞ ቤት ለቤት ገባ። ነዋሪው ጮኸ። ባለሥልጣናቱ "ደህና ነው" አሉ። ወረቀቱ ላይ ደህና ከመሰለባቸው ምክንያቶች አንዱ የናሙና አወሳሰዱ ነበር። ነዋሪዎቹ ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት ቧንቧውን ከፍተው ውሃ እንዲያፈሱ ይነገራቸው ነበር። ያን ጊዜ ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው እርሳስ ቀድሞ ይታጠባል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው የታጠበው ነው።

ሊአን ዋልተርስ የምትባል እናት አልተኛችም። ልጆቿ ታመውባታል። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲውን መሐንዲስ ማርክ ኤድዋርድስን አገኘች። 300 ያህል የናሙና ጠርሙስ ኪት ለነዋሪው ታደለ። ከ250 በላይ የሚሆነው ተሞልቶ ተመለሰ። ምሽት ላይ ቧንቧ ተዘጋ፤ ሌሊቱን ማንም አልነካውም፤ ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ተቀዳ። ቁጥሩ ሲወጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። በኦክቶበር 2015 ከተማዋ ወደ ቀድሞው የውሃ ምንጭ ተመለሰች።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከእነዚያ ጠርሙሶች ጥቂቱ እንደኔው አባወራ በታሸገ ውሃ የተሞላ ቢሆንስ? ወይም በተቃራኒው፣ ነገሩ እንዲብስ ብሎ አንዱ ዝገት ቢፍቅበትስ? ተቃዋሚው ያቺን አንዷን ይዞ ሁሉንም ውድቅ ያደርግ ነበር። ናሙና አደራ ነው። ነዳጅ በነበረበት ጄሪካን ውሃ ሞልታችሁ አምጥታችሁ "መርዝ አለበት" የምትሉ፣ እናንተንም ነው የምናገረው። ጄሪካኑን ነው ያስመረመራችሁት።

ክሌር ፓተርሰን የሚባል ኬሚስት ነበር። የመሬትን ዕድሜ ለማወቅ ብሎ በድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ ሲለካ ቁጥሩ አልጨበጥ አለው። ቢያጣራ እርሳሱ የሚመጣው ከገዛ ላብራቶሪው ነው፤ ከአቧራው፣ ከዕቃው፣ ከኬሚካሉ። ክፍሉን ደጋግሞ አጸዳ። ባዶ ናሙና፣ እኛ ብላንክ የምንለውን፣ ጎን ለጎን እያስኬደ ከራሱ የመጣውን ቆሻሻ ለየ። በዚያ ጥንቃቄ ነው ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ዓለምን ምን ያህል እንደበከለ ያሳየው። ባለሀብቶቹ አልወደዱትም። ዘመቻው ረዘመ፤ እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች ጨርሶ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። ይሄ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሰው መጀመሪያ የራሱን እጅ ስለጠረጠረ ነው።

አየሩን በተመለከተ ደግሞ "ለመድነው" የሚለው ቃላችን ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደን ለአምስት ቀን በከሰል ጢስና በጉም ታፈነች። ሰዉ ጉም የለመደ ነው። ያልፋል ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ በተደረገው ቆጠራ 4,000 ያህል ሰው ሞቷል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሰዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አየርም እንደዚያው ነው።

ዛሬ በጣም የሚፈራው ጥቃቅኑ ብናኝ ነው፤ ፒኤም 2.5 ይሉታል። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ሠላሳ ጊዜ ያህል ይወፍራል። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ አንዳንዱም ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዓመቱን አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። የውጪውና የቤት ውስጡ የአየር ብክለት አንድ ላይ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚቀጥፍም ይኸው ድርጅት ይናገራል።

እኛስ ምን እያደረግን ነው? ተቆጣጣሪ ሌሊት አይመጣም ብለን ሌሊት ላይ ፕላስቲክ እናቃጥላለን። ያረጀ የሞተር ዘይት የጎርፍ ቱቦ ውስጥ እንደፋለን። የአየር ጥራት ሰሌዳችን ቀይ እንዳያሳይ ብለን የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ከሶኬት የምንነቅል አለን። ሴንሰሩን ስትነቅሉት የጠፋው ጢሱ ነው?

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተም ስሙኝ። ፍሳሽ የሚለቀቅበትን ሰዓት ታውቃላችሁ። ተቆጣጣሪ ቀን አራት ሰዓት ላይ መጥቶ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ይሄዳል። ቫልቩ የሚከፈተው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነ ያ ጠርሙስ ምንም አይናገርም። ለዚህ ነው ሃያ አራት ሰዓት እየቆጠረ ትንሽ ትንሽ የሚቀዳ መሣሪያ የተሠራው። እሱ በሌለበት ግን መሣሪያው እናንተ ናችሁ። ጃፓን ውስጥ፣ ሚናማታ ላይ፣ የፋብሪካው ሐኪም ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት እየመገበ እ.ኤ.አ. በ1959 የአካባቢውን ሰው ያሠቃይ የነበረውን የነርቭ በሽታ በድመቱ ላይ አየ። ውጤቱን ኩባንያው ደበቀው። ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ እስከ 1968 ወደ ባሕሩ መውረዱን አላቆመም። ዘጠኝ ዓመት! በዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንት እናት ከዚያ ባሕር ዓሣ በላች። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ያስቸግረኛል።

ሌላው ተግሳጼ ለሚቸኩሉት ነው። በስልካችሁ አንድ ቀይ ቁጥር ታያላችሁ። ወዲያው "አለቅን፣ ተመርዘናል" ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ቁጥሩ የማይክሮግራም ነው ወይስ የኢንዴክስ፣ ማለትም የአየሩን ጥራት የሚገልጽ ነጥብ? የአንድ ሰዓት ነው የዓመት አማካይ? አታዩትም። በርካሽ የሚገዛው ትንሹ ሴንሰር ብናኝን የሚቆጥረው በብርሃን ነው። ጉም ሲሆን የውሃውን ጤዛ እንደ ብናኝ ይቆጥርባችኋል። ሴንሰሩን አልናቅኩትም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠው ትልቅ መለኪያ ጎን አስቀምጡና አስተያዩት፤ ያኔ ይመሰክራል። አንዴ በሐሰት ያስደነገጣችሁት ሰው የእውነቱ ቀን ሲመጣ አይሰማችሁም።

ስለዚህ ውጤት ሲሰጣችሁ "ጥሩ ነው" በሚል ቃል አትሸኙ። ስንት ነው በሉ። ወሰኑስ ስንት ነው? የት፣ በስንት ሰዓት ተቀዳ? "አልተገኘም" የሚል ካያችሁ፣ መሣሪያው ማየት የሚችለው ከስንት ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከ50 በታች ማየት በማይችል መሣሪያ 10ን ፈልጎ "አልተገኘም" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ሽታ ሲመጣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ደውሉ፤ በማግስቱ ውሃው ወርዶ ሄዷል። መርማሪው ሲመጣ ደግሞ በር አትዝጉበት፤ የት እንደሚቀዳ አሳዩት።

እኚያ አባወራ ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ከሥራ ሰዓት በፊት፣ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለት ጠርሙስ ይዘዋል። አንዱ ላይ "የመጀመሪያው ውሃ፣ 11 ሰዓት ተኩል" ብለው ጽፈዋል፤ ሁለተኛው ላይ "አምስት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ"። የመጀመሪያው ጠርሙስ እርሳስ ከወሰኑ በእጥፍ በልጦ ነበር። ሁለተኛው ከወሰኑ በታች ነው። እንግዲህ ችግሩ ከመንገዱ መስመር አይደለም፤ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከቧንቧው ጫፍ አጠገብ ነው። አሮጌውን የናስ መክፈቻና ከሥሩ ያለውን ማያያዣ አስቀየሩ። ከዚያ ሦስተኛ ጠርሙስ ሊወስዱ መጡ።