ማስተካከያ፦ ስለ ወሎ ደንና ስለ «40 በመቶ» አኃዝ

የአየር ንብረትና የተፈጥሮ ቀውስ እንደ አገራዊ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲታይ በጠየቅሁበት ያለፈው ጽሑፌ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ እንደነበረ፣ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ እንደቀረና የወሎ ተራሮችም በዚሁ ዘመን እንደተራቆቱ ገልጬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የ40 በመቶው አኃዝ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በልኬት የተረጋገጠ አይደለም። የደን ሽፋኑም በ2007 ዓ.ም. በተሻሻለው ትርጓሜ፣ ማለትም ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር የሆነ ዛፍ ሲቆጠር፣ 15.5 በመቶ ያህል ተገምቷል። ወሎን በተመለከተ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ በ1937 እ.ኤ.አ. የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው ከ60 ዓመት በኋላ በየቦታው ተመልሰው ሲያነጻጽሩ፣ ያገኙት በአመዛኙ ዛፍ መጨመሩን ነው።

የጨመረው ግን በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ በቆመ ባሕር ዛፍ ሥር የሚታየው ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት እንጂ ሣር አይደለም፤ ጽድና ወይራ ተጠብቀው የሚገኙት ይበልጡን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ እንዳለ ይጸናል፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ወገኑ ያለቀበት የወሎ ሕዝብ፣ በተለይም በበልግ ገብስ የሚኖረው ደገኛ፣ ዛሬም ኑሮው በዝናቡ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጽሑፉን ለማስተማሪያ የተጠቀማችሁ መምህራን ሁለቱን አኃዞች እንድትሰርዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።