ማስተካከያ፦ በርሜሎቹ ተጣሉ እንጂ አልተቀበሩም

ስለ ኑክሌር ቆሻሻ ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «የአውሮፓ አገሮች በርሜሎቹን በአትላንቲክ ወለል ደለል ውስጥ ቀብረዋል» የተባለው ትክክል አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀዋል።

እንግሊዝና ቤልጂየምን ጨምሮ አገሮቹ ያደረጉት መጣል ብቻ ነው። እስከ 1982 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ200 ሺህ በላይ በርሜሎች ከመርከብ ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ተወርውረዋል፤ ቆሻሻው በኮንክሪት ወይም በሬንጅ የታሰረ ነበር። አብዛኞቹ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ወለሉ ላይ እንዳረፉ ቀርተዋል። ጉድጓድ የማሰላቸው የለም።

መቅበር የሚባለው ከጥናት አላለፈም። የአሜሪካው ሳንዲያ ላቦራቶሪ ከ1974 እስከ 1986 ገደማ የመረመረው ሐሳብ፣ ቆሻሻውን በኮንቴይነር የያዘ፣ ጫፉ የሾለ ከባድ ዘንግ ከመርከብ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ተወርውሮ ጭቃው ውስጥ እንዲሰካ ነበር። ጭቃው ከላይ ይገጥማል፤ ኮንቴይነሩ በስብሶ ቢያፈስ እንኳ ረቂቁ ሸክላ አብዛኞቹን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ይዞ ያስቀራል ተብሎ ነበር። ሐሳቡን እንደ ቂልነት መቁጠር አግባብ አይመስለኝም። አትላንቲክ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ዘንጎቹ 30 ሜትር ያህል ዘልቀው ገብተዋል፤ የያዙት ግን ቆሻሻ ሳይሆን የመለኪያ መሣሪያ ነበር።

ባሕር ውስጥ መጣል «ከ1972 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል» የሚለውም ይታረም። ቆሻሻን ባሕር ውስጥ ስለመጣል የተደረገው ዓለም አቀፍ ውል፣ የ1972ቱ የለንደን ስምምነት፣ የከለከለው ከፍተኛ ጨረር ያለውን ቆሻሻ መጣል ነው። ሙሉው እገዳ በ1993 ተወስኖ በ1994 ጸና፤ ከባሕር ወለል በታች ማስቀመጥን በግልጽ «መጣል» ያለው ደግሞ የዚሁ ስምምነት የ1996ቱ ፕሮቶኮል ነው።