ተረኛዋን ማን አሰለጠናት?

እኛ ሰፈር ያሉ የሀበሻ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከፈረንጅ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እንደገና ወደ ሀገር ቤት ሊሄዱ ሽር ጉድ ይላሉ። በነፃ ነው የሚሠሩት። የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ትኬታቸውን ከኪሳቸው ቆርጠው። አዋላጆችን ሊያሰለጥኑ ነው፤ እናት በደም መፍሰስ እንዳትሞት፣ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ። እግዜር ይስጣቸው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት ነው የምሠራው። ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋርም አብሬ ሄጃለሁ። እዚህም እዚያም ማዋለጃ ክፍል ቆሜ የታዘብኩትን ላካፍል።

ሲጀመር፣ አሜሪካ እናት በወሊድ የማትሞትበት አገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንፃር 33 ያህል እናቶች ሞተዋል። ጥቁር እናቶች ለብቻ ሲቆጠሩ 70 ገደማ ነው። ያውም በዚያ ሁሉ ማሽን መሃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይኸው ቁጥር በ2000 ዓመት 871 ነበር፤ በ2016 ደግሞ 412 ደርሷል። አሁንም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፣ አልክድም። ግን በ16 ዓመት ከግማሽ በላይ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ያንን ደግሞ በአብዛኛው ያመጡት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ጭቃ እየረገጡ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየጤና ጣቢያው የተመደቡት ወጣት አዋላጆች ናቸው እንጂ ሻንጣ እየጎተትን የምንመጣው እኛ አይደለንም።

አሜሪካ ውስጥ የተለየችው ካሊፎርኒያ ናት። ከ2006 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በሌላው አሜሪካ የእናቶች ሞት ሲጨምር እሷ ከግማሽ በላይ ቀነሰች። የተራቀቀ ማሽን አምጥታ እንዳይመስላችሁ። ለደም መፍሰስ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ አንድ ጋሪ ላይ ተሰናድቶ ማዋለጃ ክፍል ቆመ። የፈሰሰው ደም በዓይን መገመቱ ቀርቶ የረጠበው ጨርቅ ሚዛን ላይ ወጣ። ሠራተኛው በየጊዜው እውነተኛ አደጋ የገጠመው ያህል ተለማመደ። በቃ፣ ዋናው ነገር ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ሀገር ቤት። ከሄድንበት ሆስፒታል (ስሙ ይቆየን) አንድ ምሽት ልምምድ ተዘጋጀ። ከቡድኑ አንዷ ፈረንጅ ሐኪም ቀይ ውሃ የተሞላ ሰው ሠራሽ ማህፀን ሆዷ ላይ ታጥቃ አልጋ ላይ ወጣች፤ የወለደች እናት መሆኗ ነው። ሲያስጠኗት የዋሉትን «ኧረ ድረሱልኝ፣ እየፈሰሰኝ ነው!» በተሰባበረ አማርኛ ስትጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ተረኛዋ ልጅ እግር አዋላጅ ናት። እጇ ንቅንቅ አላለም። ማህፀኑን ማሸት ጀመረች፣ ሰው ጠራች፣ «ኦክሲቶሲን አምጡ!» አለች፤ ማህፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት መሆኑ ነው። እንግዶቹ ሊያስተምሯት ካሰቡት ውስጥ የማታውቀው አልነበረም።

ኦክሲቶሲኑ ግን አልመጣም። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ ፋርማሲው ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ እራት ሊበላ ቤቱ ሄዷል። ስልኩ ቢደወል አይነሳም። ቤቱን የሚያውቁት የፅዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው፤ «እማማ» ነው የሚሏቸው። «ሌሊት ሌሊት እኮ የምሮጠው እኔ ነኝ» አሉ፣ መወልወያቸውን እንደያዙ። ቁልፍ ለማምጣትም፣ ደም ለማምጣትም፣ ኦክስጅን ለመግፋትም እሳቸው ናቸው። አንድም ስልጠና ላይ ተጠርተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ፍሪጅ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ መድኃኒቱ ተረኛ በተቀያየረ ቁጥር ተቆጥሮ መረከብ ተጀመረ። እማማም ከልምምዱ ቡድን ገቡ። ማን ምን ይዞ እንደሚሮጥ ሲከፋፈል ከሁሉም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ነበሩ።

ሀገር ቤት ስልጠና ሲባል እንዴት እንደሆነ መቼም እናውቀዋለን። አዳማ ወይ ቢሾፍቱ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ባነር፣ የሻይ እረፍት፣ አበል፣ ሰርተፍኬት፣ የጋራ ፎቶ። የሚላከው ኃላፊው ነው፣ ካልሆነም የኃላፊው ወዳጅ። ሌሊት ብቻዋን የምታዋልደው ልጅ «ሰው የለም፣ አንቺ ተረኛ ነሽ» ተብላ ትቀራለች። አበል መብላቱን አልነቅፍም፤ በአዋላጅ ደሞዝ ወር የሚዘልቅ ካለ ይንገረኝ። ግን እኛም ከዚህ ሄደን ያንኑ የአዳራሽ ስልጠና በእንግሊዝኛ ስላይድ ከደገምነው ምን ፋይዳ አለው?

ጥሩ ምሳሌ ከፈለግን እዚያው አዲስ አበባ አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 የመጡት ለሦስት ዓመት ኮንትራት፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነበር። በፌስቱላ (በተራዘመ ምጥ ሳቢያ የሚፈጠርና ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር የሚያሳጣ ቀዳዳ ነው) የተጎዱትን ሴቶች ሲያዩ ቀሩ፤ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ካትሪንም በ2020 እስኪያርፉ እዚያው ኖሩ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ታማሚ ሆና ነው የመጣችው፣ ገና ልጅ ሳለች። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ስትድን አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ዕቃ ማቀበል፣ ከዚያ ራሷ ፌስቱላ መጠገን፣ በኋላም ከየአገሩ ለሚመጡ ሐኪሞች ማሳየት። ሃምሊኖች ምስክር ወረቀት አላት ወይ አላሉም። ሁልጊዜ እዚያ የምትገኘውን ሰው ነው ያሰለጠኑት። በ2007 የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጃቸውም ከገጠር ልጆችን ተቀብሎ አሰልጥኖ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል።

ሌላው የታዘብኩት ስለ ቤተሰብ ነው። እዚህ ባልየው ከአልጋው አጠገብ ቆሞ እጇን ይዞ ምጡን አብሮ ያምጣል፤ አንዳንዱ ያዞረውና ነርሷ ሁለት በሽተኛ ይኖራታል። እኔ ባየሁት የሀገር ቤት ሆስፒታል ግን የወላዷ እናት በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፔርሙዝ ታቅፋ «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ ልጇ ደግሞ ውስጥ ብቻዋን ትጮኻለች። የእኛ ቡድን «ለምን አይገቡም?» ብሎ ሊከራከር ሲል አንዷ አዋላጅ ክፍሉን ዞራ አሳየችን። አልጋዎቹ ተደርድረዋል፣ መሃላቸው አንድም መጋረጃ የለም። የአንዷ እናት ስትገባ ሌላዋ እርቃኗን ናት። ከቡድኑ አንዷ ከገበያ ጨርቅ ገዝታ ሽቦ ላይ አንጠልጥላ ከለለችላቸው። በማግስቱ እናቶች ገቡ። ከዚህ ጭነን ከወሰድነው ዕቃ ሁሉ የዚያን ጨርቅ ያህል የጠቀመ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (ገንፎውንስ? እሱ እዚያ ችግር የለውም። እዚህ ነው ነርሷ ክፍል ገብታ «ምንድን ነው የሚሸተው?» የምትለው።)

ስለ ዕቃ ካነሳን አይቀር፣ እባካችሁ በ110 ቮልት የሚሠራ ማሽን 220 ወዳለበት አገር አትላኩ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም እንደዚያው። አንድ ክፍል ሙሉ የተቃጠለና መለዋወጫ የሌለው «ስጦታ» ተቆልፎበት አይቻለሁ፤ ክፍሉ ራሱ ለእናቶች ማቆያ ይሆን ነበር።

ደግሞ ትምህርቱ ከዚህ ወደዚያ ብቻ አይደለም የሚፈሰው። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፤ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራ። ከወላዷ ስር መስመር የተሰመረበት ፕላስቲክ አንጥፈው ደሙን ይለካሉ፤ ከበዛ አንዱ እስኪሳካ ሌላውን ሳይጠብቁ ማሸቱንም፣ መድኃኒቶቹንም፣ ፈሳሹንም፣ ምርመራውንም ባንድ ላይ ይሰጣሉ። ከባድ የደም መፍሰስ በ60 በመቶ ቀነሰ። ይሄ ሜሪላንድም ቢመጣ አይከፋም።

ከባዱ ጥያቄ የሚሰለጥነው ሰው አለመቆየቱ ነው። ሐኪሙ ስፔሻላይዝ ሲያደርግ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ውጭ። አዋላጇም ዕድሉን ካገኘች ትሄዳለች፤ እኔ ሜሪላንድ ተቀምጬ «ለምን ሄድሽ» ልላት አልችልም። ለዚህ ነው የጤና መኮንኖቹ ነገር ደስ የሚለኝ። ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ጥገናና በኦፕራሲዮን ማዋለድ እየተማሩ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ይወጣሉ። ስፔሻሊስት በሌለበት ሌሊት ሆድ ከፍተው ልጅ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ከዚህ የሚሄድ ቀዶ ሐኪም ካለ አዲስ አበባ ላይ ሌክቸር ከሚሰጥ አንዱ ወረዳ ወርዶ ከእነሱ ጋር ተረኛ ሆኖ ይደር፤ የሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ሆስፒታል ይመለስ። በየዓመቱ አዲስ ከተማ መምረጡ ለፎቶ ካልሆነ ለሌላ አይበጅም።