ኧረ የምትሸጡልንን ነገር ንገሩን!

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ጀልባዬ አላልቅ አለኝ። ካያክ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሁለቱም ጫፍ በሚሠራ መቅዘፊያ የሚቀዝፈው ቀጭን የእንጨት ጀልባ። ቅርጹ ወጥቷል፣ ጎኖቹ ተገጣጥመዋል። የቀረው ፊኒሺንግ ብቻ ነው። እሱ ግን አንጀቴን አሳረረው።

አሠራሩን ለማታውቁ፦ ኮምፔንሳቶውን በልኩ ትቆርጣለህ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ትሰፋዋለህ፣ መጋጠሚያውን ከውስጥ በኤፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ ነው) ትሞላለህ፣ ሲደርቅ ሽቦውን ትነቅላለህ፣ ከዚያ የፋይበር ግላስ ጨርቅ አልብሰህ እንደገና ኤፖክሲ ታጠጣዋለህ። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ። ምስማር የለውም ማለት ይቻላል። ጀልባውን የያዘው ሙጫው ነው። ሙጫው ካልታመነ ጀልባ የለህም።

ንዴቴ የጀመረው ከኮምፔንሳቶው ነው። ማህተም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ሻጩን «ውሃ ይችላል?» አልኩት። «ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ ለአርማታ እኮ ይወስዱታል» አለኝ። አላመንኩትም። ቁራጩን ድስት ውስጥ ጥጄ ቀቀልኩት፤ ውሃ የሚችል ሙጫ ከሆነ አንድ ሰዓት ቢፈላም ንብርብሩ አይላቀቅም። የሱ ግን እንደ ረጠበ ደብተር ገጽ በገጽ ተገላልጦ ወጣ! ሰው ይሄን አምኖ ሠርቶ ውሃ መሃል ቢገባስ? እኔ ያሰብኩት ወንጪ ሐይቅ ነው፣ በወሊሶ በኩል። (እዚሁ ጅማ ያለውን ቦዬን አትበሉኝ፣ ጉማሬ ያለበት ውሃ ላይ ካያክ ይዤ አልገባም።) ወንጪ ደግሞ ጥልቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ መሃል ላይ «ምን ችግር አለው» አይሠራም።

ደህናውን ኮምፔንሳቶ ፈልጌ አገኘሁ። ለመጋጠሚያው የሚሆን ኤፖክሲም ዘመድ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። እሱ አለቀ። ለጨርቁ የሚሆነውን ጅማ ውስጥ ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ፈለግኩ። አንዱ «ይኸው ኤፖክሲ» ብሎ አወጣልኝ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ፖሊስተር የሚባል ሌላ ሙጫ ነው፣ የመኪና ቦዲና የውሃ ታንከር የሚሠሩበት። ፖሊስተር እንጨት ላይ እንደ ኤፖክሲ አይዝም፣ እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። «ማጠንከሪያው ስንት ለስንት ነው?» አልኩት። «ትንሽ ጠብ ታደርግበታለህ» አለኝ። ኤፖክሲ እኮ በልክ ነው የሚቀላቀለው! እንደ አምራቹ ሁለት ለአንድ አለ፣ አምስት ለአንድ አለ። ልኩ ከተዛባ በቅጡ አይጠነክርም፣ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ፍቆ ማንሳት ነው።

ቫርኒሹ ደግሞ ባሰ። በሃይላንድ ተቀድቶ ነው የሚሸጠው። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ምን ያህል ቲነር እንደገባበት የሚያውቀው ቀጂው ብቻ ነው። የውስጥ ነው የውጭ ስትል «ለአልጋም ለበርም ይሆናል» ትባላለህ። አይሆንም! ለአልጋና ለሶፋ የሚቀባው ላከር ቶሎ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቁበት ግን ይሰነጠቃል። በጅማ ክረምት እርጥበት ከቀባኸው ደግሞ ነጭ ጉም ይለብሳል። ኤፖክሲ ራሱ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ለዚህ ነው ከላዩ ፀሐይ የሚከላከል የውጭ ቫርኒሽ ግድ የሚለው።

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ የሚሆነው ጅማ ውስጥ መሆኑ ነው። በርጩማን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ያለበት ከተማ እኮ ነው! ጎረቤቴ ያሉ ሽማግሌ አናጢ ካያክ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ጎኑን በእጃቸው ዳስሰው «ልጄ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላገው» አሉኝ፣ ልክ ነበሩ። ባለሙያ ሞልቷል። ባለሙያው እጅ የሚገባው ዕቃ ነው ስም የሌለው። እናቴ የውጭ በሯን በየዓመቱ ታስቀባለች፣ በየክረምቱ ይላጣል፣ ወቀሳው ቀቢው ላይ ነው። ቀቢው ምን ያድርግ? የተሰጠውን ቀባ።

ባለሱቆች፣ ውድ ነው በሉኝ እከፍላለሁ። የለም በሉኝ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ብቻ የማታውቁትን «ይሆናል» አትበሉኝ። የጅማ ልጆች፣ እንደታሸገ ያለ ኤፖክሲ ከነማጠንከሪያው ያየ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። የውጭ ቫርኒሽም ከነቆርቆሮው። በሃይላንድ ከሆነ ይቅርብኝ።