ባሕር ለሌለው ሰው የባሕር ጃርት ምን ያደርግለታል?

ሰሞኑን ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮው ስለ ትምህርት ጥራት ያወራል። እንግዳው ተማሪዎች በፈተና ለምን እንደሚወድቁ ተጠየቀና መልሱን ከኪሱ እንዳወጣ ሰው አቀበለ። «ባሕር የሌላት አገር ልጅ ስለ ባሕር ኮከብና ስለ ባሕር ጃርት ያጠናል። ምን ያደርግለታል? ስለ ነፍሳትም ቢሆን ፀረ ተባይ መርጨት ካወቀ መች አነሰው!» አቅራቢው ሳቀ፣ «እውነት ነው» አለና ወደ ሙዚቃ ሄደ። እኔ በንዴት መውረጃዬን አለፍኩት።

ባሕር የለንም። እሺ። ግን ስለ ባሕር ሳናወራ የምንውልበት ቀን አለ እንዴ? በዚህ ሰሞን ሻይ ቤት ገብቶ «ቀይ ባሕር» የሚል ቃል ሳይሰማ የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ባሕር ኃይል መልሰን ያቋቋምነው ባሕር ሳይኖረን ነው። ባሕር ዳርና ባቦጋያ ላይ መርከበኛ እናሠለጥናለን። ያኔ «ባሕር ሳይኖረን ምን ያደርጋል» ያለ የሬዲዮ እንግዳ አልሰማሁም። ለወደብ ሲሆን ባለባሕር፣ ለባዮሎጂ ሲሆን ተራራ ላይ ተቀማጭ! በዚህ ሒሳብ ከሄድንማ ጨረቃ ላይም የወጣ ዘመድ የለንም፤ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ትውጣ።

ደግሞስ ባሕር አልነበረንም ያለው ማነው? ጂኦሎጂ ያጠና አንድ ጓደኛዬ መቀሌ አካባቢ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ያነሳውን ፎቶ በስልኩ አሳይቶኛል። ከኖራ ድንጋዩ ውስጥ እንቁላል የምታህል ክብ ነገር ብቅ ብላለች። ጀርባዋ ላይ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች ተሰልፈዋል። አምስት ሰልፍ። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው የሠራት ትመስላለች። የባሕር ጃርት ናት፤ በሕይወት ሳለች እሾህ የለበሰች የባሕር እንስሳ። በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ነበር ቀጫጭን እግሮቿን አውጥታ የምትራመደው። የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ የሚባለው ያ ንጣፍ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። የእንግዳው «ባዕድ» እንስሳ ከሁላችንም በፊት እዚህ ነዋሪ ነበረች ማለት ነው።

አሁን ወደ «ምን ያደርግለታል» እንምጣ። ይህቺን ጥያቄ በቀላሉ አልለቃትም።

የባሕር ጃርትና የባሕር ኮከብ ከንብ ወይም ከሸረሪት ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ። ፊት የላቸውም፣ አንጎል የላቸውም፣ ግን የሥጋ ዘመድ ናቸው። ዝምድናው የሚታየው ፅንሱ ላይ ነው። በእነሱም በእኛም ወገን አፍ ቀድሞ አይሠራም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁለታችንም የምንጀምረው ከኋላ ነው። ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ የባሕር ጃርት ላይ ሙጭጭ ያሉት ግን ለዘመድነቷ ብቻ አይደለም። አንዷ ሴት እንቁላል በሚሊዮን ትለቃለች። የብዙዎቹ ዓይነቶች እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል። ዘር ሲነካው ሁሉም በአንድ ጊዜ መከፈል ይጀምራል፣ እንደ ሰልፈኛ። እናት ማኅፀን ውስጥ የማይታየውን ነገር ብርጭቆ ውስጥ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል አስኳል (ኒውክለስ) ሲዋሐዱ ጀርመናዊው ኦስካር ኸርትቪግ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በዓይኑ ያየው በእሷ ላይ ነው። ሰው እንዴት እንደሚፀነስ የተማርነው ከዚህች እሾሃም ኳስ ነው እንግዲህ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቲም ኸንት አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል በሚባል የባሕር ዳርቻ ቤተ ሙከራ የባሕር ጃርት እንቁላል ሲመረምር አንድ ፕሮቲን ዓይኑን ሳበው። ሕዋሱ ለመከፈል ሲዘጋጅ ይጠራቀማል። ልክ ሲከፈል ድራሹ ይጠፋል። እንደገና ይጠራቀማል፣ እንደገና ይጠፋል። ሳይክሊን ተባለ። በኋላ ሲታይ የሰው ሕዋስም የሚከፈለው በዚሁ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ካንሰር ምንድን ነው? ሰዓት ቆጣሪው የተበላሸበት ሕዋስ። ኸንት በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዛሬ ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው ፓልቦሲክሊብ የሚያግደው ከሳይክሊን ጋር ተጣምረው የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ነው። ምን ያደርግለታል ነበር ያልከው ወንድሜ? እናቱን ያክምለታል።

ገና አልጨረስኩም። እ.ኤ.አ. በ1882 የእንስሳት ተመራማሪው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ጣሊያን፣ መሲና ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ወጥቷል። እሱ ቤት ቀርቶ በአጉሊ መነጽር የባሕር ኮከብ እጭ ያያል። እንደ መስታወት የጠራች ነች። ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጠፈና ወጋት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው ይዘውታል። ነጭ የደም ሕዋስ ጀርምን እንዴት እንደሚውጥ መረዳት የጀመርነው ከዚያች እሾህ ነው። እሱም በ1908 ኖቤል ተሸለመ። አንጎል የሌላት እንስሳ ይህን ሁሉ አስተማረች። አንጎል ያለው እንግዳ ግን ሬዲዮ ላይ ምን እንዳስተማረን አየን።

አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። የባሕር ጃርትንና የባሕር ኮከብን ወገን ሳይንሳዊ ስም «ፋይለም ኤካይኖደርማታ» እያሉ እንደ ዳዊት መድገም ትምህርት አይደለም። ፎቶኮፒው ጠቁሮ የባሕር ኮከቧ ጎመን የምትመስልበት ሃንድአውት ልጅ ያሸሻል። ግን ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ምድጃ ይፈርሳል?

«መርጨት ካወቀ መች አነሰው» ያለው ደግሞ ይብሳል። ይህን የሚለው ሰው በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱን የአንበጣ ወረራ እዚህ አገር ሆኖ አላየውም መሰለኝ። ገበሬው ጅራፍ ሲያጮህ፣ ልጆች ቆርቆሮ ሲደበድቡ፣ መንጋው ብድግ ብሎ የጎረቤት ማሳ ላይ ሲያርፍ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። የበረሃ አንበጣ ግን ሲፈጠር መንጋ አይደለም። ብቸኛ ነው፣ ብጤውን ይሸሻል። ዝናብ በረሃውን ሲያለመልመው ይራባል። ሲደርቅ የቀረችው ቅጠል ላይ ይጠጋጋል። የኋላ እግሩ ለጥቂት ሰዓት ሲነካካ ሰውነቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይጨምራል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ ይሰበሰባል። የእኛም ወረራ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ ካጠቡ በኋላ ነው፤ ሰው ዝር በማይልበት አሸዋ ላይ።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። አንበጣ፣ ሸረሪት፣ መዥገር፣ ሸርጣን፣ ሁሉም ባለ አንጓ እግሮች አጽማቸውን ውጭ ለብሰውታል። ልብሱ አያድግም። ለማደግ አውልቆ አዲስ መልበስ ግድ ነው። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ጊዜ ያህል ያወልቃል። አዲሱ ቅርፊት እንዳይሠራ የሚያደርግ መድኃኒት አለ። ኩብኩባው ያወልቅና የሚለብሰው ያጣል፣ ይሞታል። ያንኑ መድኃኒት ክንፍ ባወጣው ላይ ብትረጨው ግን ምንም አይሆንም፤ ልብስ መቀየር ጨርሷል። ስለዚህ መርጨት ማወቅ ማለት መቼ፣ ምን፣ የት ማለት ነው። ይህ ደግሞ ያው ለፈተና ብቻ ነው የተባለው ባዮሎጂ ነው። ንቡም ባለ አንጓ እግር ነው፤ በደፈናው የተረጨ መርዝ አንበጣና ንብ አይለይም። ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን እያልን ቀፎ ላይ እናርከፍክፍ?

ወደ ባሕሩ ልመለስና ላብቃ። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ጥቁሩ የባሕር ጃርት በወረርሽኝ አለቀ። አልጌ የሚግጠው እሱ ነበር። እሱ ሲጠፋ አልጌው ኮራሉን አለበሰው፣ ሪፉ፣ ያ አሣ የሚጠለልበት የኮራል ግንብ፣ እስካሁን በቅጡ አላገገመም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ተመሳሳይ እልቂት ቀይ ባሕር ገባ፣ አቃባ ባሕረ ሰላጤ። ደህና የነበረ ጃርት በሁለት ቀን ሥጋው ረግፎ አጽም ይሆናል። ምክንያቱ ዓይን የማያየው ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ያን ያወቁት እንስሳውን ከልጅነታቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ነገ የተመኘነውን ወደብ አገኘን እንበል። ጠዋት አሣ አጥማጁ ባዶ መረቡን ይዞ ቢመጣ፣ ሪፉም በአልጌ ተሸፍኖ ቢገኝ፣ ማንን እንጠራለን? የውጭ ባለሙያ ነዋ። እሱንም በዶላር።