ከአንገት በላይ አይነካም

ሰሞኑን በባሕር ዳር በአንድ የማርሻል አርት ማሠልጠኛ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ከክረምቱ ምዝገባ ጀምሮ 8 ዓመት የሞላቸው ልጆች «ጭንቅላትን ጨምሮ ቀላል ንክኪ ያለው ስፓሪንግ» (የልምምድ ግጥሚያ) ይሠራሉ ይላል። ደንግጠው የሄዱ ወላጆች ከአሠልጣኙ ያገኙት መልስ ደግሞ ከማስታወቂያው የባሰ ነው፦ «ሔልሜት አለ አይደል እንዴ? ደግሞስ ልጅ ካልቀመሰ መቼ ይጠነክራል?»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ለመጣል የሚቀለው እሱ ነውና። ጡንቻ ሲሠራ ይወፍራል። የውስጥ እግር ቆዳ ምንጣፍ ላይ ሲፋተግ ይደድራል። አንጎል ግን ተመትቶ የሚደድርበት መንገድ የለውም። እንዲያውም አንድ ጊዜ የተናወጠ አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ጉዳቱ ይከፋል፣ ማገገሚያውም ይረዝማል። «ለምዶታል» የሚባለው ልጅ የለመደው ዝም ማለትን ነው። ራሱን እያመመው ቀጣዩ ቀበቶ እንዳይቀርበት ብሎ «ደኅና ነኝ» የሚል የ9 ዓመት ልጅ እንዳለ የማይገባው ሰው፣ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ለብሶ ልጆች ፊት ባይቆም ይሻላል።

ወደ ሔልሜቱ እንምጣ። ሔልሜት የራሱን ሥራ በደንብ ይሠራል፤ ጥፋቱ የሌላውን ሥራ ያሸከሙት ሰዎች ነው። ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮ እንዳይላጥ ይረዳል፤ ልጁ ወደ ኋላ ሲወድቅም የራስ ቅሉ ከሲሚንቶው ጋር ፊት ለፊት እንዳይላተም ያደርጋል። የአንጎል መናወጥ ግን ከውጭ የሚገባ ቁስል አይደለም። ወተት የሚናጥበትን ቅል አስቡት። ቅሉን በቁርበት ሸፍኑት፣ ከፈለጋችሁ በላዩ ስፖንጅ ደርቡበት። ስትንጡት ውስጡ ያለው ወተት መናጡን ይተዋል? ቅቤው ይወጣል። አገጭ ላይ ያረፈ የዙር ርግጫም ጭንቅላትን በአንገቱ ላይ በቅጽበት ያሽከረክረዋል፤ አንጎል በራስ ቅሉ ውስጥ ዘግይቶ ይከተላል፤ የሚጎዳውም በዚያች መዘግየት ነው። ስፖንጁ ከውጭ ነው ያለው፣ ነገሩ ከውስጥ። በልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። የ8 ዓመት ልጅ ጭንቅላት በመጠኑ ከአዋቂው ብዙም አያንስም፤ አንገቱ ግን ገና ነው፤ ደንገል ዘንግ ላይ የተቀመጠ ዱባ በሉት።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ልጆችና ማርሻል አርት ባወጣው ሪፖርት ለስላሳ ሔልሜት ሐሰተኛ የደኅንነት ስሜት እንደሚፈጥር አስጠንቅቋል። አማተር ቦክስም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአዋቂ ወንዶች ሔልሜቱን አውልቆታል፤ በሪዮ ኦሎምፒክ ወንዶቹ ያለ ሔልሜት ነበር የተቧቀሱት። ሔልሜት አንጎልን የሚያድን ቢሆን ኖሮ በቡጢ የሚኖር ስፖርት አይጥለውም ነበር።

ይህም ሔልሜቱ ደኅና ከሆነ ነው። በየአዳራሹ የምናየው አንዱ ሔልሜት ለአራት ልጅ የሚዞር፣ ማሰሪያው የላላ፣ ስፖንጁ በላብና በፀሐይ ደርቆ እንደ ጣውላ የጠጠረ ነው። የሰፋው ሔልሜት በመጀመሪያው ምት ዞሮ ዓይን ይሸፍናል፤ ልጁ ሁለተኛውን ርግጫ የሚቀበለው በጨለማ ነው። ጭርት ከራስ ወደ ራስ የሚሸጋገርበትም ሌላ መንገድ አያስፈልገውም። ባጭሩ፣ የዚህ ማሠልጠኛ ጥንቃቄ በሁለቱም ትርጉሙ ከአንገት በላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ «ቀላል ንክኪ»። ይህን ቃል ማስታወቂያው ላይ የጻፈው ሰው ለማን ቀላል እንደሆነ ይንገረን። ሸክሙን የሚያውቀው የተሸከመው ነው። 25 ኪሎ የሆነውን ልጅ 35 ኪሎ ከሆነው ጋር «ዕድሜያችሁ አንድ ነው» ብሎ ማጋጠም በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ልዩነቱ 10 ኪሎ ብቻ ይመስላል፤ ለትንሹ ልጅ ግን የራሱ ክብደት 40 በመቶ ነው። 60 ኪሎ የሆነን ጎልማሳ ከ84 ኪሎ ሰው ጋር እንደማጋጠም ማለት ነው፤ ጎልማሶቹ ይህን አይቀበሉም። የቴኳንዶ ተወዳዳሪያችን ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የተወዳደረው ከ58 ኪሎ በታች ነበር፤ ከ80 ኪሎ በላይ ካለ ሰው ጋር ይጋጠም የሚል ሰው ቢመጣ አብዷል ይባል ነበር። በልጆቻችን ላይ ግን ሚዛን የሚባል ዕቃ አዳራሹ ውስጥ የለም።

ክብደቱ እኩል ቢሆንስ? ርግጫን ከመወርወር ይልቅ ማቆም ይከብዳል። እግሩን የሚወረውረው የፊት ጭኑ ሲሆን ፍሬኑ የኋላ ጭኑ ነው፤ ያ ፍሬን በጊዜ እንዲይዝ የቆመበት እግር መርጋት አለበት፣ ዓይኑም ርቀቱን በትክክል መለካት አለበት። በ8 ዓመት ሦስቱም ገና በመሠራት ላይ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር የተቆጣጠረው ልጅ በሁለተኛው ሲደክመው መጀመሪያ የሚጠፋው ፍሬኑ ነው፤ ጉልበቱ ግን ይቀራል። ተጋጣሚው ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ወደፊት ከገባ፣ አየር ላይ ሊቆም የታሰበው ርግጫ ፊት ላይ ያርፋል። የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል። ማንም አላጠፋም፤ ግን ልጁ ተመትቷል። እና አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ቀስ በሉ!» ይላል። ይህ ትእዛዝ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ለበጠሰ ባጃጅ «ቀስ በል» እንደማለት ነው።

ቁጥጥር የሚገኘው በሥልጠና ነው፤ ሥልጠናውም የታወቀ ነው፣ ወጪም የለውም። አንድ ልጅ ጋዜጣ በሁለት እጁ ወጥሮ ይይዛል፤ ሌላው ርግጫውን ወረቀቱን ነክቶ ያቆመዋል። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ከተወዛወዘ አልተቆጠረም። ይህን በሁለቱም እግር አሥር አሥር ጊዜ ሳይቀድ ሲጨርስ ጓደኛው ፊት ይቆማል፤ ከሆዱ አንድ ጋት ሲቀረው እግሩን ያቆምና ሁለት ሴኮንድ ሳይወርድ ይይዘዋል። የሚወላገድ ከሆነ ወደ ጋዜጣው ይመለሳል። ቀጥሎ ፓድ፣ ማለትም በእጅ ተይዞ የሚረገጥ ትራስ፣ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አብዛኛው አሠልጣኝ የሚዘለው ነገር አለ፦ የምቱን ኃይል ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ፓዱን የያዘው ልጅ ነው፣ መቺው አይደለም። መቺው «2 ነው የመታሁት» ሲል ተቀባዩ «4 ነው» ካለ 4 ነው፤ ክርክር የለም። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ መስማማት ይጀምራሉ፤ ቁጥጥር ማለትም ያ ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ የሚያጠቃበት ሌላው የሚከላከልበት፣ ከወገብ በላይ ከአንገት በታች፣ ሆጉ (የደረትና የሆድ መከላከያው) በልኩ ታስሮ፣ አንድ ደቂቃ ተሠርቶ አንድ ደቂቃ የሚታረፍበት ሦስት ዙር። የሆጉ ልክ ማለት ደግሞ ከአንገት አጥንት ጀምሮ ሆድን የሚሸፍን፣ ሲሮጥ ወደ ላይ የማይወጣ ነው። የልጅ ጎድን ለስላሳ ነው፣ ጉበትና ጣፊያን እንደ አዋቂ ጎድን አይከላከልም፤ ስለዚህ የተንሻፈፈ ሆጉ እንዳልታሰረ ይቆጠራል። አንድ አሠልጣኝ በዓይኑ ሊይዝ የሚችለው ሁለት ጥንድ ነው። ሃያ ጥንድ በአንድ ፉጨት የሚያጋጥም ሰው አሠልጣኝ አይባልም፤ የገበያ ቀን ትርምስ አስተናባሪ ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ልጁ 12 ይሞላዋል። ያኔም ቢሆን የጭንቅላቱ ጉዳይ በራሱ ቀን ይታያል። ቸኩለናል የምትሉ፣ የዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ካዴቶች እንኳ በእጅ ምት የተቃራኒን ራስ ሲነኩ ነጥብ አይሰጣቸውም። በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (ወርልድ ቴኳንዶ) ሕግም ፊትን በቡጢ መምታት ለአዋቂውም ክልክል ነው። ባሕር ዳር ላይ ብቻ ነው የ8 ዓመት ልጅ ከሁሉም የጠነከረው።

«ኦሎምፒክ የሚደርስ ልጅ ከሕፃንነቱ ካልጀመረ…» የሚለውን ጨዋታ ደግሞ ተዉት። በኦሎምፒክ ቴኳንዶ ለመሳተፍ 17 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በቴኳንዶ ዓለም አቀፍ የካዴት ውድድር የሚጀምረው ከ12 ነው። ከ8 እስከ 17 ዘጠኝ ዓመት አለ። ለዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቱን የተደበደበ ልጅ ለሜዳሊያ ይደርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ስፖርት ሳይሆን ስለ ሎተሪ እያወራ ነው። እርግጥ ነው፣ በአዋቂዎቹ ሕግ ለሰውነት ርግጫ 2 ነጥብ ሲሰጥ ለራስ 3 ይሰጣል፤ ልጁ ቴሌቪዥን ላይ አይቶ ራስ ራስ ማለቱ አይቀርም። ለዚያም ነው በልጆች ግጥሚያ የራስ ምት ነጥብ አልባ ብቻ ሳይሆን ቅጣት መሆን ያለበት። ነጥብ እየሰጡ «አትምታ» ማለት ልጅን ማሞኘት ነው።

አንድ ነገር እሰጣለሁ፦ ልጅ ጭራሽ ሳይነካካ ማርሻል አርት ይማር አልልም። ሆጉ ላይ ያረፈ ልከኛ ርግጫ ርቀትን ያስተምራል፣ ፍርሃትንም ያበርዳል። ከዚህ በላይ የምሰጠው የለኝም።

ስለ ንክኪ ከተነሣ ደግሞ ልጁን የሚነካው ተጋጣሚው ብቻ አይደለም። እግር የሚያስከፍት አሠልጣኝ የልጁ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ፣ ሁለት ትልልቅ ሠልጣኞች ጭኑን ወደ ወለል ሲጫኑ ማየት ብርቅ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጅማቱ ከአጥንቱ ማደጊያ ልም ክፍል ይጠነክራል፤ ስለዚህ በኃይል ሲሳብ ጅማቱ አይበጠስም፣ የተያያዘበትን የአጥንት ጫፍ ገንጥሎ ይሄዳል። ዳሌ ላይ «ቋ» ብሎ የሚሰማው ድምፅ ያ ሊሆን ይችላል፤ «ተከፈተ» ብለው የሚያጨበጭቡለት። መለጠጥ ልጁ በራሱ ክብደት፣ ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ፣ እስከሚቻለው ሄዶ ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚቆይበት ነው፤ የሌላ ሰው እጅ አይገባበትም። ለበዓል ትርኢት ሆድ ላይ መረማመድ፣ በጡጫ ጣውላ መስበር፣ በሲሚንቶ ላይ በጭብጥ ፑሽ አፕ መሥራትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስላረፈደ በቀበቶ የሚገረፍ ልጅ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የስፖርት መሆኑ ቀርቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። «ዲሲፕሊን ነው» የሚል ሐረግ እዚያ ውስጥ የለም።

ወለሉም ይታይ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔም ከርግጫው ይልቅ ወለሉ ሊጎዳው ይችላል። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥርሱ ተያይዞ ክፍተት የሌለው ምንጣፍ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ክረምት ላይ ጣሪያው የሚያፈስበት አዳራሽ ውስጥ ሸክላ ላይ ልጆችን ማጋጠም ምን እንደሚባል አላውቅም። አወዳደቅ፣ ማለትም አገጭን ደረት ላይ ይዞ በጀርባ መንከባለልና በክንድ ወለሉን መምታት፣ ከመጀመሪያው ርግጫ በፊት መማር የነበረበት ትምህርት ነው፤ በማስታወቂያው ግን አልተጠቀሰም።

እና ልጁ ተመታ እንበል። አንጎሉ ተናውጧል ለማለት የግድ ራሱን መሳት አያስፈልገውም፤ አብዛኛው የአንጎል መናወጥ ራስ ሳያስት ነው የሚያልፈው። ትኩር ብሎ የቀረ፣ ዙሩን የረሳ፣ ሲቆም የተንገዳገደ፣ ብርሃን የጠላ፣ «ራሴን» ያለ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም። አምስት ደቂቃ ዐርፎ አይመለስም፣ ውኃ ፊቱ ላይ ተረጭቶም አይመለስም። ማስታወክ ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከእንቅልፉ ካልነቃ ወይም ካንቀጠቀጠው ያለ ምንም ውይይት ወደ ሆስፒታል ነው። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉት ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ዕረፍት፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱን ያለ ሕመም ይቀጥላል፤ ከዚያ እርምጃ፣ ቀላል ሩጫ፣ ብቻውን ርግጫ፣ ፓድ፤ በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት፤ ሕመሙ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ስፓሪንግ ሐኪም ካየው በኋላ መጨረሻ ላይ ነው። ማሠልጠኛው የተመታ ልጅ ስም፣ ቀኑንና የታየበትን ምልክት የሚጽፍበት ደብተር እንዳለው ወላጆቹ ቢጠይቁት፣ የክፍያ መመዝገቢያውን ያሳያቸው ይሆናል።

ምዝገባው ሊጀመር ነው። ወላጅ ፎርሙ ላይ ከመፈረሙ በፊት «ጭንቅላትን ጨምሮ» የሚለውን በእስክሪብቶ ይሰርዝና ፎርሙን ይመልስ። እንዲህ ሆኖ አንቀበልም ካሉት ገንዘቡን ኪሱ ይክተት፤ ልጁን ይዞ ወደ ጣና ዳር ይውረድ፤ ጋዜጣ ገዝቶም ይያዝለት።