ማስተካከያ፦ ስለ ወጣቶች የጠረጴዛ ቴኒስ ዕድሜ እና ስለ ሦስተኛው ተጫዋች

ታዳጊዎችን ለክልል ውድድር ለሚያዘጋጁ አሠልጣኞች ባለፈው ባወጣሁት ጽሑፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የከፋው የዕድሜው ነው። «19 ዓመት የሞላው ልጅ ከ19 ዓመት በታች ውድድር ላይ አይሰለፍም» ብዬ ነበር። በዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን አሠራር ግን የሚታየው ውድድሩ ካለበት ዓመት በፊት፣ ዲሴምበር 31 ላይ ተጫዋቹ ስንት ዓመቱ እንደነበረ ነው። ለምሳሌ በ2025 ውድድሮች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ መጫወት ይችል ነበር፤ በዓመቱ መካከል 19 ቢሞላውም። የልደት ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ቀኑ ታኅሣሥ 23 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 22 የተወለደው በአንዲት ቀን ያመልጠዋልና ቀን ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። የእኔን ጽሑፍ አምኖ ልጅ ከዝርዝሩ የሰረዘ አሠልጣኝ ካለ፣ እባክህ የውድድሩን ደንብ አይተህ መልሰው።

ሁለተኛ፣ በቡድን ውድድር ሦስተኛውን ተጫዋች «ተጠባባቂ» ማለቴ ትክክል አልነበረም። በዓለም የቡድን ሻምፒዮና በሚሠራበት የአምስት ነጠላ ጨዋታ አካሄድ ሦስተኛው ግጥሚያ የእሱ ነው። ቡድን የሚያሸንፈው ሦስት ግጥሚያ ሲወስድ ስለሆነ ይህ ጨዋታ መቼም አይቀርም። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆኖ ራኬቱን ይዞ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ይህ ልጅ ነው፤ እንደ ሁለቱ ሁሉ መሠልጠን አለበት።